ሐኪም ጋራ ለመውጣት አስበናል፤ ሥርዓቱን የምታውቁ ምከሩን

ከዚራ_ድሬ
ሰላም ቤተሰብ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። እናቴ ሐረር ተወልዳ ያደገች ናት። ቤታቸው ከጀጎል ግንብ ውጭ ነበር። ከበራቸው ሲወጡ ሐኪም ጋራ ፊት ለፊት ይታያቸው እንደነበር ሁሌ ታወራለች። ጎረቤቶቻቸው ለዚያራ፣ ማለትም የአውሊያ (የቅዱስ ሰው) ቦታ ሄዶ ለመጸለይ፣ ሲወጡ ታያለች፤ እሷ ግን አንድም ቀን አልወጣችም። ዘንድሮ «ሳልሞት አንዴ አውጪኝ» አለችኝ። እምቢ የሚባል ልመና አይደለም።

እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ቁልቢ ገብርኤል ሳንሄድ የሚያልፍ ዓመት የለም። የተሳለ ሰው ቦታው ሲደርስ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ስለዚህ የሌላውን ሰው የጸሎት ቦታ እንደ ሽርሽር ሜዳ ማየት አልፈልግም። ክርስቲያን መግባት ይፈቀድለታል ወይ? ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው ወይ? ምን እንልበስ? ደግሞ እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ መኪና እስከ የት ያደርሳል? ከላይ ሆኖ ጀጎልን ሙሉውን ማየት እንደሚቻል ሰምቻለሁ፤ ለዚያስ የቱ ሰዓት ይሻላል? የምታውቁ ንገሩኝ፣ አቦ።

ባጃጅ_ሸንኮር
ስለ መንገዱ እኔ ልንገርሽ። መንገዱ የአፈር ነው። በበጋ ባጃጅ ጥሩ ከፍታ ላይ ያደርሳችኋል። ዝናብ ከዘነበ ግን ጭቃው ይይዛል፤ የትም ልትቆሙ ትችላላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ እናትሽን ይዘሽ አትምጪ። የሚያዝያ ዝናብም አይናቅም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደግ ነው።

ከመነሣትሽ በፊት ከሾፌሩ ጋር ሦስት ነገር ተነጋገሪ። ዋጋውን፣ እስከ የት እንደሚወጣ፣ ላይ ሆኖ እንደሚጠብቃችሁ። «ጥሎኝ ወረደ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያልተነጋገረ ነው። ለእናትሽ ምርኩዝ ያዢላት። ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው ጉልበት የሚፈትነው። ውኃም ከታች ገዝታችሁ ያዙ።

የጀጎል_ልጅ
እህቴ፣ እናትሽን አላህ ያቆይልሽ። በዚህ መልኩ የሚጠይቅ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

መግባት ትችላላችሁ። ማንም አይከለክላችሁም። ሐረር ለዚህ አዲስ አይደለችም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ቦታዎች ይዞ ነው የተመዘገበው። የአውሊያ ከተማ የሚባለው ለዚህ ነው። ግማሹ ሰው ከሩቅ የመጣ ነው፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ይመጣል። ስለት ያለበት ክርስቲያንም ይመጣል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርሽ። አሁን አሁን ብዙ ሰው ሐኪም ጋራን የከተማዋ ሰገነት አድርጎት ቀርቷል። ይወጣል፣ ጀጎልን ከጀርባው አድርጎ ፎቶ ይነሣል፣ ይወርዳል። አው ሐኪም የሚባሉት አውሊያ እዚያ እንዳሉ እንኳን ሳያውቅ የሚመለስ አለ። ይሄ ያመኛል። ጋራው ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ሰው የሚወጣው ዱአ (ጸሎት) ለማድረግ ነው። ዕይታው ተጨማሪ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታገላብጡት። ስትደርሱ መጀመሪያ ሙሪዱን ፈልጉ። ቦታውን የሚጠብቀው፣ እንግዳ የሚቀበለው እሱ ነው። «አሰላሙ አለይኩም» በሉ። ክርስቲያን ብትሆኑም ሰላምታው አይከፋበትም፤ ደስ ይለዋል። ከየት እንደመጣችሁ፣ ለምን እንደመጣችሁ ንገሩት። ከዚያ የት ጫማ እንደሚወለቅ፣ ሴት በየት በኩል እንደምትቀመጥ ራሱ ያሳያችኋል። ዱአ ሲደረግ እጃችሁን ዘርግታችሁ አሚን ማለት ትችላላችሁ፤ ካልፈለጋችሁም በጸጥታ መቀመጥ ይበቃል። ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሄዳችሁ ከተማዋን እስክትጠግቡ እዩ።

ልብስ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ሰውነት የሚሸፍን ቀሚስና ሻሽ ወይም ነጠላ ይበቃል። የእናትሽ ቁልቢ የምትሄድበት ነጠላ ከበቂ በላይ ነው።

ከዚራ_ድሬ
አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ። ለእናቴ አነበብኩላት። «ነጠላዬን ይዤ ነው የምወጣው» ብላለች። ባዶ እጅ ስለመሄድ ግን ያላችሁኝ ነገር የለም።

አፎቻ
ልጄ፣ እሱን እኔ ልመልስልሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ጀጎል ውስጥ የኖርኩ ነኝ። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር፣ ኋላም ከአፎቻችን (ከመረዳጃ ማኅበራችን) ሴቶች ጋር ወጥቻለሁ።

ባዶ እጅ ነውር አይደለም። ግን ሰው አቅሙ የቻለውን ይዞ ይወጣል። ቡና፣ ስኳር፣ ዕጣን፣ ዳቦ። አንዳንዱ ጫት ያመጣል፤ ሽማግሌዎቹ ዱአ ሲያደርጉ ይቀርባል። ስለት የገባ ስለቱን ያመጣል። እናንተ ቡናና ዕጣን ብትይዙ ይበቃል። ቡናው እዚያው ይፈላል፤ ዕጣኑ እዚያው ይጨሳል። ብር መስጠት ከፈለግሽ ለሙሪዱ በእጁ ስጪ። ሰው እያየ አትቁጠሪ።

እኛ የምንወጣው ብዙ ነገር ይዘን ነው። ልጅ ሲታመም፣ ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ። ዝናብ ሲዘገይ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል። ያኔ ገበሬው ነው የሚበዛው፤ የኦሮሞ ወንድሞቻችን ከየማሳቸው ይመጣሉ። በኦሮሚኛ፣ በሐረሪ፣ በአረብኛ ዱአ ሲደረግ አንዱ የሌላውን ባይሰማም አሚኑ አንድ ነው። እናትሽ በአማርኛ ብትለምን ምን ችግር አለው።

ስለ ጉልበቷ አትጨነቂ። እስከ ላይ መድረስ ካቃታት፣ የደረሰችበት ቁጭ ብላ ትጸልይ። በመንገድ ላይ ቁጭ ብለው ዱአ አድርገው የሚመለሱ አሮጊቶች ነበሩን። እነሱም «ዚያራ አድርገን መጣን» ነበር የሚሉት። ማንም «አልደረሳችሁም» ብሏቸው አያውቅም።

ሰብር
አሰላሙ አለይኩም። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በመልካም ልብ ነው የምጽፈው፤ ማንም እንዳይቀየመኝ።

እኔም ሐረር ነው ያደግኩት። አያቴም ጋራውን ይወጡ ነበር። ግን ስለት ለሰው አይገባም። የሞተ ሰው የሚሰጠውም የሚነሣውም ነገር የለም። ቀብር መዘየር የተፈቀደው መጪውን ዓለም ለማስታወስና ለሟቹ ምሕረት ለመለመን ነው። እህታችን እንግዳ ስለሆነች፣ እስልምና ይሄ ነው ብላ እንዳትሄድ ነው ይህን የምለው። እናቷን ይዛ መሄዷን አልቃወምም፤ አላህ በሰላም ይመልሳቸው።

አፎቻ
ሰብር ልጄ፣ አልቀየምህም። የምንለምነው አላህን ነው፤ ይሄን ጀጎል ውስጥ የማያውቅ ልጅ የለም። አውሊያዎቹ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ባሉበት ቦታ ዱአ እናደርጋለን። በአደባባይ ተከባብረህ ስለተናገርክ አላህ ይባርክህ። የአያትህን ቀብር ስትዘይር እኔንም በዱአህ አስበኝ።

ሰብር
ኢንሻአላህ፣ እማማ።

ደቻቱ
እኔም የድሬ ልጅ ነኝ። ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎች ይዤ ወደ ሐረር ስለምመላለስ ስለ ዕይታው የምለው አለኝ።

እህቴ፣ ጋራውን ከመውጣታችሁ በፊት ጀጎልን በእግራችሁ ዙሩ። ይህን ሳያደርግ የወጣ ሰው ከላይ የሚያየው የጣሪያ ክምር ብቻ ነው። ያምራል፤ ግን ምን እንደሚያይ አያውቅም። ቀድሞ የዞረ ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፍበት አለው።

መጀመሪያ ግንቡን ትለያላችሁ። አሚር ኑር ናቸው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት። ኢማም አሕመድ (ግራኝ) ከወደቁ በኋላ ሐረር በሁሉም በኩል የተጋለጠችበት ዘመን ነበር። ግንቡ ያኔ አዳናት። ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ውስጡ 48 ሄክታር ብቻ። ይሄ ሁሉ መስጊድ፣ ይሄ ሁሉ የአውሊያ ቦታ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ እዚያ ውስጥ ነው። ከላይ ስታዩት ቤቶቹ እንደ ሐረሪ ስፌት እርስ በርስ ተጠላልፈዋል፤ በመካከላቸው መንገድ ያለ አይመስልም።

ከዚያ የጃሚዕ መስጊድን ሁለት ነጭ ሚናራዎች ፈልጉ። እነሱን ካገኛችሁ ሌላው ይቀላል። ፈረስ መጋላ ላይ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እናትሽ ያንን ራሷ ታሳይሻለች ብዬ እገምታለሁ። የአሚር ኑር መቃብር ሾጠጥ ያለ አረንጓዴ ጉልላት አለው፤ ከታች ቀርባችሁ ካያችሁት ከላይም ለመፈለግ ያጓጓል። በሮቹን በስማቸው እየጠራች ታሳይሽ፦ የሸዋ በር፣ የቡዳ በር፣ የሰንጋ በር፣ የኤረር በር፣ የፈላና በር። ጥንታውያኑ እነዚህ አምስቱ ናቸው። ለመኪና የሚመቸው ሰፊው የሐረር በር ኋላ የመጣ ነው።

ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ ስታዞሩ መሬቱ ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል። ሰማዩ ጥርት ካለ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው ቁንዱዶም ይታያል፤ በዱር ፈረሶቹ የሚታወቅ ጋራ ነው።

ለዚህ ነው በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የማልመክረው። ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ግን ከሰዓት በኋላ ገብታችሁ፣ ጀጎልን ቀስ ብላችሁ ዞራችሁ፣ አድራችሁ፣ ጠዋት ብትወጡ ሌላ ነገር ነው። ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤታቸውን ለእንግዳ ማደሪያ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ። ለእናትሽ ከሆቴል ይልቅ እሱ ይስማማታል። ጠዋት ፈጢራ በማር በልታችሁ ትነሣላችሁ።

ባጃጅ_ሸንኮር
መምህር ያሉት ልክ ነው። ሰዓቱ ላይ ልጨምር። ጋራው ከከተማዋ በስተደቡብ ነው። ስለዚህ በበጋ ፀሐይዋ ከጎን ወይ ከጀርባ ትሆናለች፤ ከተማዋ ላይ ብርሃኑ በደንብ ያርፋል። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱም አቧራውም ይነሣል። እናትሽ ከድሬ ቆላ ስለምትመጣ ለሐረር ብርድ ጋቢ ያዢላት። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1885። በመንገድ ላይ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ራሱ አየሩ ይቀየራል።

አዲስ_መንገደኛ
ከአዲስ አበባ ነኝ። በቅርቡ ልመጣ አስቤያለሁ። ድሮን ይዤ ከሐኪም ጋራ ጀጎልን መቅረጽ እፈልጋለሁ። ችግር አለው? ሙሪዱንስ መቅረጽ ይቻላል?

የጀጎል_ልጅ
ድሮን ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ የትም ማብረር አይቻልም። ፈቃድ ቢኖርህም በጸሎት ቦታ አናት ላይ እንዳታስጮኸው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዱአ እያደረገ ነው። የታመመ ልጅ ይዞ የመጣ አለ። ላይህ ላይ ጩኸት ቢመጣብህ ምን ይሰማሃል?

በስልክህ ከተማዋን ብታነሣ ማንም አይናገርህም። ሰው ስታነሣ ጠይቅ። ሴቶች ሲጸልዩ በጭራሽ አታንሣ። ሙሪዱን ከጠየቅከው ሊፈቅድ ይችላል፤ ግን መጀመሪያ ቁጭ ብለህ ቡናውን ጠጣ። ካሜራ ይዞ ገብቶ ካሜራ ይዞ የሚወጣ ሰው ሰልችቷቸዋል። ከመቆጣት ይልቅ እንዲህ ብዬ የምጽፍልህ መምጣትህን ስለምፈልገው ነው።

አዲስ_መንገደኛ
ገባኝ፣ ወንድሜ። ድሮኑን ትቼ እመጣለሁ።

ከዚራ_ድሬ
አሁን ሥዕሉ መጣልኝ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። እናቴ ስለ ጅቦቹ አንድ ታሪክ ትነግረኝ ነበር። አውሊያዎቹ ሐኪም ጋራ ላይ ተሰብስበው ከጅቦቹ ጋር ታረቁ ትላለች። ይሄ ነገር ከጋራው ጋር በእውነት የተያያዘ ነው ወይስ የእናቴ ተረት? ደግሞ ጅብ አለ ብላችሁ እንዳታስፈሩኝ።

አፎቻ
የእናትሽ ብቻ አይደለም፤ እኛም ከአያቶቻችን የሰማነው ነው። ጊዜው የረሃብ ጊዜ ነበር ይላሉ። ሰው የሚበላው አጣ፤ ጅብም የሚበላው አጥቶ ሰው ላይ ተነሣ። አውሊያዎቹ ጋራው ላይ ተሰብስበው መከሩ። ሰዎቹ ለጅቦቹ ገንፎ እንዲያበሉ፣ ጅቦቹም ሰው እንዳይነኩ ተስማሙ። ለዚህ ነው በዓሹራ ቀን፣ በሙሐረም 10ኛው ቀን፣ ቅቤ የበዛበት ገንፎ ተሠርቶ ወደ ጋራው በኩል የሚቀርብላቸው። ሽማግሌዎቹ አበላላቸውን አይተው ዓመቱ እንዴት እንደሚሆን ይናገራሉ። ጅቡ ቀምሶ ቢተወው ልባችን ይሰጋል። ደህና አድርጎ በልቶ ትንሽ ካስተረፈ ደስታ ነው።

ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሥጋ የሚቀለቡት ለእንግዳ የሚታይ ነው፤ የኋላ ነገር ነው። የገንፎው ግን የቆየ ነው። ግንቡም ላይ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ተሠርተውለታል። ሌሊት ገብተው ቆሻሻውን በልተው ይወጣሉ። ልጆች ሆነን በጠባቡ መንገድ ላይ ስናገኛቸው ጥግ ይዘን እናሳልፋቸው ነበር።

ባጃጅ_ሸንኮር
በጠዋት ምንም አታዩም፤ ተኝተዋል። ጋራው ላይ ዋሻ አላቸው። እኔ የምመክረው ሳይመሽ ውረዱ ብቻ ነው። እሱም ለጅቡ ሳይሆን ለእናትሽ እግር ነው፤ መንገዱ በጨለማ ድንጋያማ ነው።

የጀጎል_ልጅ
ቀን መምረጥ ከቻላችሁ ሐሙስ ግቡ። ሐሙስ ማታ አው አባድር ዘንድ ዝክር (የአላህን ስም በዜማ ማወደስ) አለ። ጀጎል ውስጥ ስለሆነ እናትሽ ምንም አትደክምም። ከረቡ (ከበሮው) ሲመታ፣ ከበል (የእንጨት ማጨብጨቢያው) ሲጨበጨብ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲዘክር ታያላችሁ። አባድር የከተማዋ አባት ናቸው፤ በትረካችን 405 ሰው አስከትለው ነው የመጡት። የሐረር ሰው መንገድ ሲሄድ፣ ሲደነግጥ፣ ሲያስነጥሰው ሳይቀር ስማቸውን ይጠራል። ማታ እሳቸው ዘንድ ተቀምጣችሁ ጠዋት አው ሐኪም ዘንድ ብትወጡ ከዚህ የተሻለ ዚያራ አላውቅም።

ሸዋል ዒድንም ልብ በሉ። ከረመዳን ዒድ በኋላ ስድስቱ ቀን ተጾሞ ሲያልቅ ነው። አው ሹሉም አሕመድና አው አክበራ ዘንድ ነው የሚከበረው። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ቆንጆ ነው፤ ወጣቱ ሁሉ ለብሶ ይወጣል። ግን ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ከእናትሽ ጋር ጋራ ለመውጣት ያንን ሳምንት አትምረጪ። ለብቻሽ ተመለሺና እይው።

ደቻቱ
ሐሙስ የሚለውን እደግፋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከላይ ከዚራ ቁልቢን አንሥታለች። ቁልቢን ራስ መኰንን ናቸው ለዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው ከድል መልስ ያሠሩት። ራስ መኰንን ደግሞ የሐረር ገዢ ነበሩ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ላይ የሙስሊም ስለት እንዳለ የማያውቅ ድሬ የለም። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ልጅ ስታገኝ ጃንጥላ ይዛ ሄዳለች። ስለዚህ የከዚራ እናት ሐኪም ጋራ መውጣት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሲሆን የኖረ ነው። እንዲያውም አሁን አሁን እየቀነሰ መምጣቱ ነው የሚያሳስበኝ። ተማሪዎቼን ስጠይቅ በጉርብትና ያሉበትን የሌላውን ሃይማኖት ቦታ አይተው የማያውቁ እየበዙ ነው። ይሄን እኔ እንደ ቀላል አላየውም። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። ከዚራ፣ ልጆች ካሉሽ እነሱንም አስከትይ።

ሰብር
መምህር፣ በዚህ እስማማለሁ። ጉርብትናው ላይ ልዩነት የለንም።

ከዚራ_ድሬ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእናቴ ጋር ተማክረናል። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከድሬ እንነሣለን። ጀጎልን እንዞራለን፣ ማታ አው አባድር ዘንድ እንቀመጣለን። ዓርብ ጠዋት ጋራውን እንወጣለን። ልጄንም ይዣለሁ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቴ ቡናውን ራሷ ለቅማ አሽታ አዘጋጅታለች፤ ከሱቅ አትግዢ ብላ ተቆጣችኝ።

አፎቻ
ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ በፊት ውረዱ። ሙሪዱም ሰዉም ለሶላት ይወርዳል፤ ብቻችሁን እንዳትቀሩ። ከወረዳችሁ በኋላ እናትሽን እኔ ዘንድ አምጫት፤ ምሳ አብረን እንበላለን። ቤቴ ከአሚር ኑር አይርቅም። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ልጄን ልኬ አስመጣችኋለሁ።

ባጃጅ_ሸንኮር
እኔም በውስጥ መስመር ቁጥሬን ልኬልሻለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት በር ላይ እገኛለሁ። ረቡዕ ማታ ከዘነበ ግን ሐሙስ ጠዋት ደውዪልኝ፤ መንገዱን አይቼ እነግርሻለሁ።